ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው። ከ19 ቀናት በፊት በደላላ አማካይነት የ2008 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ፣ ኮድ 2፣ በ1.3 ሚሊዮን ብር ገዝተዋል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ተፈርሟል፤ ስምም ተዛውሯል። የፈረመላቸው ግን ስሙ በሊብሬው ላይ ያለው ባለንብረት አይደለም፤ የሽያጭ ውክልና የያዘ ሌላ ሰው ነው። በውሉ የተጻፈው ዋጋ 600,000 ብር ሲሆን ይህ ገንዘብ ወደ ባለንብረቱ ሂሳብ፣ የቀረው 700,000 ብር ደግሞ ወደ ተወካዩ የግል ሂሳብ ገብቷል። ውሉ «ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና አስመርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ይላል። በ11ኛው ቀን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ ሸኖ አቅራቢያ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደረሰ። ትንሽ ነድተው ከተማው ውስጥ ሲቆሙ መኪናው በነጭ ጭስ ተሸፈነ። በጭነት ተጎትቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። መካኒኩ ዘይትና ውሃ መደባለቃቸውን አይቶ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው መውረድ አለበት» አላቸው፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ። በማግስቱ የዘይቱን ፎቶ ከአጭር መልእክት ጋር በቴሌግራም ለተወካዩ ላኩ፤ እሱም አይቶ ደወለና «ሸጫለሁ፣ ጨርሻለሁ፣ ፊርማዎን ይመልከቱ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለንደን የሚኖር ወንድማቸው «30 ቀን ሳይሞላ መኪናውን የመመለስ መብት አለህ» ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ስለሌለ ቶሎ ይጠገን እያሉ ነው። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ ወይስ አስጠግኜ ልተወው? ነው የሚሉት።

ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህን እስከሚያነቡ ድረስ ሞተሩ ካልተፈታ፣ አሁኑኑ ለጋራዡ ደውለው እንዳይነካ ይንገሩ። ስለ አንቀጽና ስለ አዋጅ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የሚኖረው መኪናው እንደቆመ ከቆየ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእርስዎ ጉዳይ ጋር መንታ የሚመስል ጉዳይ ይዞ ወደ እኔ የመጣ ሰው ነበር። ሞተሩን በገዛ ገንዘቡ አሳድሶ፣ የጋራዡን ደረሰኝ በፌስታል አጥፎ፣ በልበ ሙሉነት ነበር የመጣው። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ጋራዡ ጥሏቸዋል። ፍርድ ቤት ቀርበን የሻጩ ጠበቃ «ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት የነበረ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ሲል የምናሳየው ነገር አልነበረንም። ደረሰኙ ገንዘብ መውጣቱን እንጂ ብልሽቱ መቼ እንደጀመረ አይናገርም። ያ ሰው እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ ተሸነፈ። ያንን ቀን ስለማልረሳው ነው ነገሬን ከዚህ የጀመርኩት።

አሁን ወደ መብትዎ። ብዙ ሰው ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም ብሎ ያምናል፤ ተወካዩም የተማመነው በዚህ እምነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ግዴታ የሚመጣው ከሕጉ ነው፤ «ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ቃል በውሉ ባይጻፍም አለ። ሻጩ የንግድ ፈቃድ ያለው መኪና ሻጭ ይሁን የራሱን መኪና የሚሸጥ መምህር ልዩነት የለውም።

ጉድለት ማለት ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ባሕርይ ሲጎድለው ወይም በውሉ ይኖረዋል የተባለው ነገር ሳይኖረው ሲቀር ነው። እዚህ ላይ የመኪናው ዕድሜ ይቆጠራል። የብዙ ዓመት መኪና የገዛ ሰው ጎማው ቢሳሳ፣ አሞርዛተሩ ቢደክም፣ ባትሪው በክረምት አልነሳ ቢል ሻጩን ሊከስ አይችልም፤ ይህ መኪናው የኖረበት ዘመን ነው፣ ዋጋውም ላይ ታስቦበታል። ነገር ግን የቱንም ያህል ቢያገለግል አንድ መኪና ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን መድረስ አለበት። በዚያ ዋጋ የተሸጠ መኪና በ11 ቀኑ ሞተሩ ውሃና ዘይት ከደባለቀ ነገሩ የእርጅና ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ መኪና እንደ ልብስ የሚቀየር ነገር አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት በጣም ተወዷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት እየተዘዋወሩ ይሸጣሉ፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያወጣበት ነገር በመሆኑ ሕጉ በዚህ ላይ እንዲሠራ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መኪናው መቼ ቆመ ሳይሆን ጉድለቱ መቼ ነበር የሚለው። ሻጩ የሚጠየቀው መኪናው ወደ እርስዎ እጅ ሲተላለፍ ለነበረ ጉድለት ነው፤ በዚያ ቀን ባይታይም ሥሩ በዚያ ቀን መኖር አለበት። 11 ቀን ጥርጣሬን ያጠነክራል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በኛ ሕግ የማስረዳት ሸክሙ የጠያቂው ነው። ስለዚህ ከጠበቃ ይልቅ አሁን የሚያስፈልግዎት ጠንቃቃ መካኒክ ነው። ከመካኒኮች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት የተማርኩትን ላካፍልዎት።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ተጨምቆ የሚቀመጥ፣ ውሃው፣ ዘይቱና የሚቃጠለው ጋዝ እንዳይገናኙ የሚለይ ስስ ሽፋን ነው። አንድ ቀን በድንገት ሊበጠስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ጋሏል። ደጋግሞ የጋለ ሞተር ምልክት ይተዋል፤ ያንን ለመደበቅ የተሞከረ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት ይተዋል። መካኒኩ ሞተሩን ሳይፈታ አስቀድሞ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን ዝውውር የሚዘጋው ክፍል፣ በቦታው አለ ወይስ ወጥቷል? የሚጋል ሞተር እንዳይጋል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የታወቀ መላ ነው። የራዲያተሩ ፋን ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚነሳ ነው ወይስ ቁልፉ ሲዞር ጀምሮ እንዲሽከረከር ሽቦው ቀጥታ ተገናኝቷል? ይህም ያው መላ ነው። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ቅሪት፣ ቡናማ ወይም የሚያብለጨልጭ ዝቃጭ አለ? ኩላንት ነው የነበረው ወይስ ለረጅም ጊዜ ተራ ውሃ ሲሞላ ኖሮ ቧንቧዎቹ ዝገዋል? ዘይቱስ ከተለመደው በላይ የወፈረ፣ ጭስ ለማፈን የሚሞላ ዓይነት ነው? የቴስታታው ብሎኖች ጫፍ ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት፣ ዙሪያውም ላይ ትኩስ ሲልከን ይታያል? ይህ ካለ ቴስታታው በቅርቡ አንዴ ወርዶ ተመልሷል ማለት ነው። በ11 ቀን ውስጥ እርስዎ እንዳላወረዱት ደግሞ የታወቀ ነው።

የኮምፒውተር ምርመራም ያሠሩ። በብዙ መኪኖች የምርመራ መሣሪያው የተመዘገበውን ብልሽት ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ የብልሽት መዝገቡ ከተሰረዘ ወዲህ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘም ያሳያል። መኪናውን ከተረከቡ 400 ኪሎ ሜትር ነድተው ከሆነና መዝገቡ የተሰረዘው ከ430 ኪሎ ሜትር በፊት መሆኑ ከታየ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ለሽያጭ ሲባል እንዲጠፋ ተደርጓል የሚል ጠንካራ ክርክር ያገኛሉ። ይህን ቁጥር በፎቶ ያስቀሩት፤ ባትሪው ሲነቀል ሊጠፋ ይችላልና ባትሪው አይነቀል።

ይህ ሁሉ በወረቀት መስፈር አለበት። ፈቃድ ያለው፣ ከእርስዎም ከሻጩም ጋር ዝምድና የሌለው ጋራዥ ይምረጡ፤ ያየውን፣ በምን ዘዴ እንዳየው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና ቀኑን ጽፎ በማኅተም ይስጥዎት። «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» የሚል ባለ አንድ መስመር ወረቀት ከንቱ ነው። የሚያስፈልግዎት «ተቃጥሏል፣ ይህም ከዚህ ከዚህ ምልክት ተነስተን ስናየው አዲስ አይደለም» የሚል ነው፤ መካኒኩ ይህን በሐቅ መናገር ከቻለ ብቻ። ካልቻለ አያስገድዱት፤ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለ ማስታወቅ ደግሞ፦ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። እርስዎ ግን በማግስቱ ቴሌግራም ልከዋል፤ ያ መልእክት እርስዎ ከሚገምቱት በላይ ዋጋ አለው። የ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። መልእክቱን አያጥፉት፣ ስልኩንም አይቀይሩ፤ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያትሙት። በዚያ ላይ ግን አይተኙ። ዛሬ ወይም ነገ የጽሑፍ ማስታወቂያ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለተወካዩ፣ አንዱን ለባለንብረቱ። ረጅም መሆን የለበትም፤ በዚህ ቀን በዚህ ውል የገዛሁት፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይህ የሆነ መኪና በዚህ ቀን በሞተሩ ላይ ይህ ጉድለት ታይቶበታል፤ መኪናው በዚህ ጋራዥ ሳይፈታ ቆሟል፤ ይህ ደብዳቤ በደረስዎት በ5 ቀናት ውስጥ የራስዎን ባለሙያ ይዘው መጥተው እንዲመለከቱ፣ በጉዳዩም ላይ መፍትሔ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ፤ ካልመጡ በባለሙያ አስመርምሬ በሕግ እጠይቃለሁ፤ ይህን የሚል ነው። ስድብና ዛቻ አይጨምሩበት፤ ደብዳቤውን አንድ ቀን ዳኛ ያነበዋል። በሪኮማንዴ፣ ማለትም በተመዘገበ ደብዳቤ፣ በፖስታ ቤት ይላኩት ወይም በምስክር ፊት አስፈርመው ይስጡት።

ከማስታወቂያው ጋር አብሮ የሚሄድ የጊዜ ገደብ አለ። በአንቀጽ 2298 መሠረት ገዢ በጉድለት ምክንያት የሚያቀርበውን ክስ ጉድለቱን ካስታወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። አንድ ዓመት ረጅም ይመስላል፤ አይደለም። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ በዓል ሲመጣ፣ «ከገና በኋላ» «ከፋሲካ በኋላ» ሲባል ያልፋል። ሽምግልናን አልቃወምም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ጉዳይ በሽማግሌ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሽምግልና እየሄደ እያለም ቀኑ እየቆጠረ መሆኑን ይወቁ፤ ስምምነት ከተደረሰም በጽሑፍ ይሁን፣ ይፈረም።

እንግዲህ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ፤ «ባለበት ሁኔታ አይቼና አስመርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ»። ይህች ቃል በየውሉ ላይ ስለምትገኝ ማንም አንብቦ አያስባትም፤ ተወካዩ ግን መከላከያው አድርጓታል። በእውነቱ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛ፣ ገዢው ሊያየው ይችል የነበረ፣ ያየውም ነገር ላይ ቅሬታ እንዳያነሳ ትከለክላለች። ቀለሙ የተለያየ በር፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሲነሳ ጀምሮ የሚያጨስ ሞተር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ያለዚህች ዓረፍተ ነገርም ሕጉ የሚለው ነው፤ ያወቁትን ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ተቀብለው ገዝተዋል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ኃላፊነቱን ለመቀነስ የሞከረባት ቃል ተደርጋ ልትነበብ ትችላለች፤ ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት ማጥበብ ይችላሉና። ዳኛው ይህን በሰፊው ከተረጎመው ሊጎዳዎት ይችላል፤ ይህን ከእርስዎ መደበቅ አልፈልግም። ሕጉ ግን እዚህ ላይ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ሻጩ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው የውል ቃል አያድነውም። ቴርሞስታቱን ያወጣ፣ ፋኑን ቀጥታ ያገናኘ፣ ራዲያተሩ ውስጥ መድፈኛ ያፈሰሰ ሰው ሞተሩ እንደሚጋል አያውቅም ነበር ብሎ መከራከር ይከብዳል። የመካኒኩ ወረቀት ለምን ዋና እንደሆነ አሁን ይታይዎታል ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለቱ የቆየ መሆኑንና የተደበቀ መሆኑን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው።

መደበቁ ከተረጋገጠ ሌላም መንገድ አለ። በአንቀጽ 1704 አንደኛው ወገን በማታለል ድርጊት ሌላውን እንዲዋዋል ካደረገ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ይህን ለመጠየቅ በአንቀጽ 1810 የተሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ያኔም ሸክሙ የእርስዎ ነው። ተወካዩ ወይም ደላላው ሲሸጥ «ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም» ብሎ መማሉን የሚናገር ምስክር ለማቆም እንዳይቸኩሉ፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ ስለሚወሰድ ከውሉ ይዘት ጋር የሚጋጭ የቃል ምስክርነት እንዳይሰማ ተቃውሞ ይነሳበታል። ማታለልን ለማስረዳት ምስክር ይሰማ ዘንድ መከራከር ይቻላል፤ ግን በመልእክት የተጻፈ፣ በማስታወቂያ የተለጠፈ ነገር ካለ ይሻላል። መኪናው በቴሌግራም ቻናል ወይም በሽያጭ ድረ ገጽ ወጥቶ ከነበረ ማስታወቂያው ሳይነሳ ዛሬውኑ ያስቀሩት። «ሞተር ኦሪጅናል፣ ያልተነካ» የሚል ቃል እዚያ ላይ ካለ ትልቅ ነገር አገኙ።

ማንን ይከሳሉ? ተወካይ በውክልናው ልክ በባለንብረቱ ስም የፈረመው ውል ባለንብረቱ ራሱ እንደፈረመው ይቆጠራል፤ አንቀጽ 2189 እንዲህ ይላል። ስለዚህ በሕግ ሻጭዎ በሊብሬው ላይ ስሙ የነበረው ሰው ነው፤ ምናልባት እርስዎን አይቶዎት የማያውቅ ሰው። ነገር ግን የገንዘቡ አካሄድ ሌላ ታሪክ ይናገራል። 700,000 ብር ለምን ወደ ተወካዩ የግል ሂሳብ ገባ? እንደኔ ግምት ይህ ሰው መኪናውን ከባለንብረቱ በርካሽ ገዝቶ፣ ስም ሳያዛውር በሽያጭ ውክልና ይዞ፣ ለእርስዎ አትርፎ የሸጠ ነጋዴ ነው። ይህ አሠራር በከተማችን በጣም ተለምዷል። ግምቴ ትክክል ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ክስ ማቅረብ ነው የሚያዋጣው፤ ባለንብረቱን በውሉ፣ ተወካዩን ደግሞ በጥፋቱና በተቀበለው ገንዘብ። ባለንብረቱ መጥሪያ ሲደርሰው «እኔ ለእሱ በዚህን ያህል ሸጬለት ነበር» ብሎ እውነቱን ሊያወጣ ይችላል፤ ያ ለእርስዎ ይጠቅማል። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ ስላለ ቅጂውን ይያዙ፤ የተሰጠበት ቀን ከሽያጭዎ በጥቂት ሳምንታት ብቻ የቀደመ ከሆነ ግምቱን ያጠናክራል።

ዋጋው በውሉ ላይ 600,000 ተብሎ መጻፉ ግን ያሳስበኛል። ቀረጥና ግብር ለመቀነስ ተብሎ የተደረገ መሆኑን አልጠይቅዎትም። ውሉ ቢፈርስና ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ቢባል ግን በወረቀት ላይ የከፈሉት 600,000 ነው። ቀሪውን ለማስመለስ የባንክ ማስተላለፊያው ሰነድ አለዎት፤ ዕለቱ ከውሉ ዕለት ጋር አንድ ከሆነና የማስተላለፊያው ምክንያት «ለመኪና» የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ይሁንና ይህን ሲያነሱ ዋጋው ለምን እንዲህ ተጻፈ የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ የግብር ጉዳይም ይነሳል። ለጠበቃዎ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ በመካከል ከተቃራኒ ወገን እንዲሰማው አያድርጉ።

ሌላው ደካማ ጎንዎ ሸኖ ላይ ያደረጉት ነው። መለኪያው ቀይ ካሳየ በኋላ ነድተዋል። የሻጩ ጠበቃ «ሞተሩን ያቃጠለው እሱ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ በከፊልም ሊሰማለት ይችላል፤ ምክንያቱም ቴስታታው የተጣመመው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከሆነ ያ ጉዳት ከእርስዎ ድርሻ ሊቀነስ ይችላል። ስንት እንደነዱ እውነቱን ይናገሩ። ቤተሰብ ይዞ መንገድ ዳር መቆም አስቸጋሪ መሆኑን ዳኛም ይረዳል፤ ሲያሳንሱት ከተያዙ ግን የቀረው ቃልዎ ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለ ወንድምዎ ምክር። እንግሊዝ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበት ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ይፈቅዳል፤ መኪናም ይጨምራል። እዚያም ቢሆን ይህ የሚሠራው ከነጋዴ ለተገዛ እንጂ ከግለሰብ ለተገዛ መኪና አይደለም። በኛ አገር ለዚህ የሚቀራረበው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ አዋጅ ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እሱም ከነጋዴ ሲገዛ፣ ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ ሲገዛ ነው። ዛሬ 19ኛው ቀን ነው፤ ነገር ግን የቴሌግራም መልእክትዎ የሄደው በ12ኛው ቀን ነው! «መኪናው ተበላሽቷል፣ ምን ትላለህ» የሚል ብቻ ከሆነ ጥያቄ አላቀረበም ይባላል፤ «ገንዘቤን መልስልኝ» የሚል ከሆነ ግን በጊዜው ጠይቀዋል ብሎ መከራከር ይቻላል። ተወካዩ መኪና እየገዛ በውክልና የሚሸጥ መሆኑን ማሳየት ከቻሉ ነጋዴ ነው የሚለውን መከራከሪያ ይዘው ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ያስገቡ። ዋና መንገድዎ አድርጌ አልመክርዎትም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰፋ ያለ ነው፣ ነጋዴነትንም አይጠይቅም።

ምን ይጠይቁ? ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ያጓጓል፤ ገንዘብ ተመልሶ መኪናው ይሂድ። ነገር ግን በአንቀጽ 1785 ውል የሚፈርሰው መሠረታዊ የሆነ የውል ቃል ሲጣስ ነው፤ ዳኛው የሁለቱንም ጥቅምና ቅን ልቦናን ይመዝናል። ጥገናው 150,000 ብር የሚፈጅ ከሆነና ከዚያ በኋላ መኪናው የሚሠራ ከሆነ፣ የ1.3 ሚሊዮን ብር ውል ለማፍረስ ዳኛው ሊያመነታ ይችላል። በሌላ በኩል ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀየር ካለበት፣ ወይም የሻንሲው ቁጥር ላይ ችግር ከታየ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ክሱ በአማራጭ ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ውሉ ፈርሶ ዋጋው እንዲመለስ፣ ይህ ካልተፈቀደ የጥገናው ወጪ፣ የመጎተቻው፣ መኪናው በቆመበት ጊዜ ያወጡት ወጪና ኪሳራ እንዲከፈል። ሁሉንም ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፍሉትን የትራንስፖርት ወጪም ጭምር። በዚህ የገንዘብ መጠን ክሱ የሚቀርበው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ መኪናውን አይሽጡት፣ በዕዳም አያሲዙት፤ ይፍረስ የሚሉትን ውል ራስዎ ያጸኑት ይመስላል።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ብለው ያስቡ ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል፤ ማስረጃው ግልጽ ከሆነ መንገዱ አለ። ብዙ ጊዜ ግን «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ገንዘብዎንም በቶሎ አያመጣልዎትም። ስለ ደላላው ደግሞ፣ ሻጭ አይደለም፤ ጉድለቱን አውቆ እንደዋሸ የሚያሳይ ነገር ከሌለዎት ጊዜዎን በእሱ ላይ አያባክኑ።

ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ልጆች በቆመ መኪና ትምህርት ቤት አይሄዱም፣ እኔም መኪናውን ለአንድ ዓመት አቁሙት አልልም። ደብዳቤውን ነገ ይላኩ። አምስቱ ቀናት እስኪሞሉ ድረስ ይታገሱ። ሻጩ ወይም ተወካዩ ባለሙያ ይዞ ከመጣ አብራችሁ እዩ፣ የታየውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ካልመጣ ገለልተኛው ጋራዥ ቴስታታውን ያውርድ፤ ሲያወርድ ሁለት ምስክሮች ይቁሙ፣ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው በስልክ ይቀረጽ፣ የተቃጠለው ቦታ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በፎቶ ይውጣ፣ የመጨረሻው የምርመራ ወረቀትም ይጻፍ። ከዚያ ያስጠግኑት። ተወካዩ ደብዳቤው ደርሶት ካልመጣ ሳይነግሩኝ ፈቱት ሊል አይችልም። ጋራዡ አሮጌውን ጓርኒሲዮንና ከሞተሩ የወጣውን ዕቃ ሁሉ ሊጥለው ሲል ግን አይፍቀዱለት፤ በካርቶን አድርገው፣ ቀን ጽፈውበት፣ ቤትዎ ይዘውት ይሂዱ።